ማረጋገጫ የሌለው አማና

አንድ ሰርግ አጥፍቻለሁ። ሙሽሮቹን ማለቴ አይደለም፤ እነሱ ዛሬም በሰላም አብረው አሉ፣ ሦስት ወልደዋል። ያጠፋሁት ቪዲዮውን ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ፣ ያረጀ ፎቶ አድሳለሁ። ያን ጊዜ የነበረችኝ አንዲት ሃርድ ዲስክ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማችና በዚያው ዝም አለች። የሙሽሪት እናት መጡ። ቀን የጠፋ ይመስል የመጡት ደግሞ ሰኞ ዕለት ነው፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት። ደጃፌ ላይ ቆመው «የልጄን ሰርግ በላው!» ብለው የጮሁትን በርበሬ ሻጩም፣ ጨው ሻጩም፣ ከገጠር በግ ሊሸጥ የመጣውም ሰማ። ከዚያ በኋላ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የበላሁት ወጥ ይመስል አፌን አፌን ያየኝ ነበር።

«ሁለተኛ!» አልኩ። ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ገዛሁና ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ አንድ አብሮ አደግ አለኝ፤ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ከኔ የበለጠ እንደሚያውቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፣ አይደብቀውምም። ዲስኮቹን አንድ ሣጥን ውስጥ ከቶ እንደ አንድ ዲስክ እንዲሠሩ አደረገልኝና ማስረዳት ጀመረ።

«ስማ፤ የምታስቀምጠው ነገር ሁሉ በሁለቱም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት አንዱ አለልህ። ደግሞ ይሄ አሠራር በነበረው ላይ ደርቦ አይጽፍም። አንድ ፋይል ስትነካካ አዲሱን ባዶ ቦታ ላይ ይጽፈዋል፤ ጽፎ ሲጨርስ ብቻ አሮጌውን ይለቃል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ነው።»

ደሴ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች አለ?

«ገና አልጨረስኩም» አለኝ። «ለእያንዳንዷ ቁራጭ መረጃ ከይዘቷ አስልቶ ማረጋገጫ ቁጥር ይመዘግብላታል። በኋላ ስታነባት ቁጥሩን እንደገና ያሰላዋል። ካልገጠመ ቁራጯ ተበላሽታለች ማለት ነው፤ ከሌላኛው ዲስክ ደህናዋን አምጥቶ የተበላሸችውን ይተካል። አንተ በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ፍተሻ እዘዘው፤ ስንት ስህተት እንዳገኘ፣ ስንቱን እንዳረመ ይነግርሃል።»

ወላሂ ደስ አለኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ግን ወሎ ተወልዶ ወላሂ የማይል ሰው ካለ ይመርመር። ሣጥኑን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ጎኔ ለተቀመጡት ሰውዬ ሳይጠይቁኝ ሁሉንም አስረዳኋቸው። «ማሻአላህ» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ በትልቁ «እዚህ የገባ አይጠፋም» ብዬ ለጠፍኩ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። የማቀናበሪያ ፕሮግራሜ እዚያ ማሽን ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መክፈት ነበረብኝ። ያ የውስጥ ኮምፒውተር እንዳለ አንድ ግዙፍ ፋይል ነው፤ በየሰከንዱ አንድ ጥጉ ይለወጣል። ደርቦ የማይጽፈው አሠራር ደግሞ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቦታ እየጻፈ ፋይሉን በዲስኩ ሙሉ በተነው። ማሽኑ መንፏቀቅ ጀመረ። ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ የሙሽሪት ጣት ጋ እስኪደርስ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

አብሮ አደጌን ልጠይቀው? ሞቼ! ሊስቅብኝ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አንድ ሰው መፍትሔውን ጽፎታል፦ ለፎልደሩ አንዲት ባሕርይ ስጠው፣ በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲ የምትታወቅ። ከዚያ በኋላ እዚያ ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ ሲዋን ይወርሳል፤ በነበረበት ቦታ ላይ እየተደረበ ይጻፋል፤ መበታተን የለም። ከሥሩ ሌላ አንቀጽ ነበረ። አላነበብኩትም። ሰው መድኃኒት ገዝቶ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነባል እንዴ?

አዲስ ፎልደር ከፈትኩ፣ ሲዋን ሰጠሁት፣ ያንን ግዙፍ ፋይል ገለበጥኩበት። ማሽኑ በረረ! ፎልደሩን «ልዩ» አልኩት። ከኔ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ቆለፍኩት። ከዚያ ወዲያ የምሳሳለትን ነገር ሁሉ፣ የልጆቼን ፎቶ ሳይቀር፣ እዚያው አስገባ ጀመር። ሲዋን ግን ረሳኋት።

እማማ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ሆጤ ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው፤ በረመዳን ሳንቡሳቸውን እየበላሁ ስላደግኩ እማማ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ፣ «እሳቸው ካሉ አሉ ነው» የሚባልላቸው። ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ለሰው ቃል ሰጥተው፣ ኒካሑ ሳምንት ሲቀረው ልጁ ለማንም ሳይናገር ዐረብ አገር ገባ። አባትየው የልጅቷ አባት ፊት ቆመው የሰጡት ቃል መሬት ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጃቸውን ስም አልጠሩም። ልጁ ቢደውል አያነሱም፤ ሽማግሌ ቢላክ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

ኋላ ታመሙ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ስልካቸውን አስመጡና፣ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው፣ ሚስታቸው ብቻ ባሉበት ድምፃቸውን ቀዱ። ለልጁ ነው። ትእዛዙም፦ ልጁ ራሱ አገሩ ገብቶ፣ እቤቱ ተቀምጦ፣ ሽማግሌ ባለበት ይስማው፤ በስልክ እንዳይላክ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይሰማው። በሳምንቱ ዐረፉ። ሆጤ ሙሉ «አውፍ ብሎት ነው የሞተ» አለ። አውፍ ይቅርታ ነው፤ እኛ ጋ ግን አንዴ አውፍ ከተባለ ነገሩ ዳግም አይነሳም። ልጁ ዐረብ አገር ሆኖ ያንን ወሬ ሲሰማ ነው ወረቀቱን አስተካክሎ ለመምጣት መሯሯጥ የጀመረው። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያቺን ቃል ከአባቱ አፍ መስማት።

እማማ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ድምፁ ልጁ እስኪመጣ አንተ ጋ ይቀመጥ። አማና ነው፣ ልጄ» አሉ።

አማና አደራ ነው፤ እኛ ጋ ቀልድ የለውም። ጎረቤትህ ጆንያ አስቀምጦልህ ቢሄድ አፉን ፈትተህ አታይም፤ ከውጭ እንኳ አትዳብስም። ድምፁን ልሰማው እንደማልችል ያኔውኑ ታወቀ። ከዚህ ሁሉ የደሴ ሰው እኔን መምረጣቸው ደረቴን ነፋው። ወዲያው ወደ «ልዩ» ፎልደር መገልበጥ ጀመርኩና ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን በጣቴ አሳየኋቸው።

«እንደው ይሄ ማሽን… አያጠፋም?» አሉኝ።

«በፍጹም!» አልኩ። ስለ ሁለቱ ዲስኮች፣ ስለ ማረጋገጫ ቁጥሩ፣ ስለ ወርኃዊው ፍተሻ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱ። እፎይታ መሰለኝ።

ሊሄዱ ሲነሱ ብድግ አልኩ። ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ ነው? ብድግ ስል ጉልበቴ ጠረጴዛውን ገጨው፤ ሣጥኑ ተንገጫገጨ፤ የአንደኛው ዲስክ ኬብል ላላ። አላየሁም። እስከ መንገዱ ሸኝቻቸው ስመለስ ኮምፒውተሩ «ተጠናቋል» ይላል። ስልኩን ከሟቹ ልብስ ጋር ሰደቃ ብለው ለድሃ ሊሰጡት ስለነበር፣ የሰው ምስጢር አይውጣ ብዬ ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት። አጥፋ አላሉኝም። እኔ ነኝ የፈጠንኩት።

ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱ ዲስክ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ኬብሉን አጠበቅኩ፣ ፍተሻ አዘዝኩ። ብዙ ስህተት አገኘ፤ ሁሉንም አረመ። የቀረ ስህተት፦ ዜሮ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ከዚያ በኋላ እማማ በወር አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ለገበያ ሲወጡ ብቅ ይላሉ።

«አለ?»

«አለ! ስህተት ዜሮ።»

ዓይናቸውን ወደ መሬት ያደርጉና «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ዘንቢላቸውን ያነሳሉ፤ ይሄዳሉ። አንዳንዴ «እርግጠኛ ነህ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ወንበር አስጠግቼላቸው ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ። ፊደሉን አያነቡትም፤ ዜሮዋን ግን ያውቋታል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ተኩል ሄደ።

አንድ ሰኞ ሲመጡ ፊታቸው ገርጥቷል። «ሊመጣ ነው። ቲኬት ቆርጧል» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ እኔም ደስ አለኝ። «አብሽሩ እማማ፣ እኔ አዘጋጅልዎታለሁ» አልኩ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ ፍላሽ ገለበጥኩት። ከሰዓት ማሽኑን አጥፍቼ ካስነሳሁ በኋላ ለመጠባበቂያ በሌላ ፍላሽ ገለበጥኩት። ከዚያ ድምፁን ሳልሰማ መመሳሰላቸውን ለማወቅ የሁለቱንም ማረጋገጫ ቁጥር አሰላሁ።

አይገጥሙም።

እንደገና አሰላሁ። አይገጥሙም። አንድ ፋይል፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ነገር! ፍተሻ አዘዝኩ። ስህተት፦ ዜሮ። ሣጥኑን ነቅዬ ታቀፍኩና ኮምቦልቻ ወረድኩ። በዚህኛው ጉዞ ጎኔ ለተቀመጠው ሰው ምንም አላስረዳሁም።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ እኔን ግን ያላበኝ ሙቀቱ አልነበረም። አብሮ አደጌ የነገርኩትን ሰምቶ አንድ ትእዛዝ ጻፈ። የፋይሉ ባሕርያት በስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ሁሉም ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፤ መሃል ላይ አንዲት ትልቅ ሲ።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ፍጥነት ናት» አልኩ።

መነጽሩን አወለቀ። «ማረጋገጫ ቁጥሩን እኮ ነው ያጠፋህበት!»

«እኔ? ቁጥር የሚባል አልነካሁም!»

«አንተ ጉደኛ፣ ስማ። ደርበህ ጻፍ ካልከው መረጃውና ቁጥሩ እኩል ሊለወጡ አይችሉም። በመሃል መብራት ቢሄድ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ይሆኑና ደህናውን ፋይል ተበላሽቷል ብሎ ይከሰዋል። ስለዚህ ሲዋ ካለች ቁጥሩን ጭራሽ አይጽፈውም። ፍተሻውም እዚያ ሲደርስ የሚያመሳክረው ነገር የለውም፤ አልፎ ይሄዳል።»

«ታዲያ በየወሩ ዜሮ የሚለኝስ?»

«ያገኘሁት ስህተት ዜሮ ነው ነው ያለህ። አመሳክሬዋለሁ መቼ አለህ?»

ለካ ዘበኛ ቀጥሬ ግቢውን ሁሉ ሳስጠብቅ፣ ዕቃዬን ያከማቸሁበትን ክፍል ብቻ እንዳትገባ ብዬው ኖሯል። በቆሻሻ መጣያው ፎልደር ውስጥ ያለ የተበላሸ ፎቶ ሳይቀር እየተጠበቀ፣ የሟች ቃል ሜዳ ላይ አድሯል። ያ ጉልበቴ ጠረጴዛውን የገጨበት ቀን ኬብሉ በግልበጣው መሃል ሲላላ፣ የፋይሉ ሁለተኛ ግማሽ አንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ነው የተጻፈው። ሌሎቹን ፋይሎች ቁጥራቸው አጋለጣቸውና ታረሙ፤ ይሄ ቁጥር የለው፣ ማን ያጋልጠው። ማሽኑ ፋይሉን ሲያነብ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያመጣ ነው።

አብሮ አደጌ ሁለቱን ዲስኮች ለያይቶ ከእያንዳንዳቸው ፋይሉን አወጣ። አንዱን «አንድ» አለው፣ ሌላውን «ሁለት»።

«ትክክለኛው የትኛው ነው?» አልኩት።

«ማሽኑ አያውቅም። ጆሮ አለህ አይደል? ስማው» ብሎ እጁን ሲሰድ ላፕቶፑን ጣቱ ላይ ዘጋሁበት።

«አብደሃል?»

«አማና ነው! እኔም አልሰማው፣ አንተም አትሰማው!»

ጣቱን እያሸ ሰደበኝ። አማና የምትለዋን ቃል ግን አቅልሎ አላያትም፤ እሱም የሆጤ ልጅ ነው። ጥቂት አሰበና የድምፁን ሥዕል ብቻ አወጣልኝ፣ ያንን ከፍ ዝቅ የሚል መስመር። ማየት መስማት አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። «አንድ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰው ንግግር ቅርጽ አለው። «ሁለት» እስከ መሃል ከሱ ጋር አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጫፍ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነው።

«ኧረ እሰይ!» ብዬ ዘልዬ አቀፍኩት። ሙሉው ተገኝቷል! «ሥዕል ምስክር አይሆንም፤ ሲቀዳ የነበረ ሰው ያረጋግጥልህ» አለኝ አብሮ አደጌ። የነበሩት አንድ ሰው ናቸው፤ እማማ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፕና ሄድፎን ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጥፋቴን ሁሉ ተናዘዝኩ። ስለ ሲዋ የገባቸው አይመስለኝም፤ «ተበላሽቶ ነበር» ስል ግን ቀና አሉ።

«ተበላሸ?»

«አብሽሩ፣ አንዱ ቅጂ ደህና ነው። ሁለቱንም ይስሙና ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ። ከርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ቀና ያለው ፊታቸው ወረደ። ሄድፎኑን በሻሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። «አንድ»ን ከፈትኩና ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ፣ ከከንፈራቸው እንኳ እንዳላነብ። እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ዘወር ስል እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። ናፍቆት ነው ብዬ አንጀቴን በሉት። «ሁለት»ን ከፈትኩ። መሃል ላይ ሲደርስ ደንግጠው ሄድፎኑን ከጆሯቸው ነቀሉት፤ ጩኸቱ ለኔም ተሰማኝ፣ የዘነበበት ቆርቆሮ ዓይነት። እሳቸው ግን እንደገና ጆሯቸው ላይ መለሱትና ያንን ጩኸት እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«በሉ፣ የትኛው ነው?»

«ይሄኛው» አሉ።

«የቱ?»

«የኋለኛው። የሚጮኸው።»

ቆሽቴ አረረ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የተበላሸው ነው! የፊተኛው ሙሉ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ…»

«ሲቀዳ ማን ነበር? አንተ ነበርክ?»

ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«ልጄ» አሉኝ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ «ከዚህ ሁሉ የደሴ ሰው አንተ ጋ ለምን እንዳመጣሁት ታውቃለህ?»

«አምነውኝ ነዋ።»

«የሰርጉን ቪዲዮ የበላው እሱ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ! ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ወንበር አስጠግቼ ዜሮ ሳሳያቸው የኖርኩት እኔ! ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

«ቁርአን አስነክቶኛል» አሉ ዝግ ብለው። «እንዳላጠፋው፣ እንዳልደብቀው፣ ለልጁ እንዳሰማው። እኔ በእጄ አላጠፋውም። አላህ ራሱ ከወሰደው ግን እኔ ምን አደርጋለሁ ብዬ ነበር። በየወሩ ጠፋ ይለኛል ብዬ እመጣለሁ፤ አንተ ደግሞ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።»

ተረዳሁ። ያ ሁሉ ሆጤ የሚያወራው አውፍ እዚያ ቅጂ ውስጥ የለም። ምን እንዳለ አልጠየቅኳቸውም፣ አልነገሩኝም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ ልጁ ያንን ሊሰማ አውሮፕላን ላይ ሊወጣ ጥቂት ቀን እንደቀረው ነው። እናቱ ደግሞ አንድ ልጅ ነው ያላቸው።

«እንግዲህ ላጥፋው?» አልኩ።

«አጥፋ አልልህም፤ ምያለሁ። ትክክለኛው የትኛው ነው አልከኝ፣ ነገርኩህ። የቀረውን አንተ ታውቃለህ፤ ማሽኑ ያንተ ነው።»

ሱቄ ተመልሼ ረጅም ሰዓት ቁጭ አልኩ። አማና የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ለሳቸው አማና የሰጡት ደግሞ ሟቹ ናቸው። ሟቹን ፈራኋቸው፤ እውነቴን ነው። ቃላቸው መሬት በመውደቁ ልባቸው ተሰብሮ የሞቱ ሰው ናቸው፤ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ልጥልባቸው ነው። ደግሞ ይህን ፋይል ለማዳን ስንት ለፍቻለሁ! በሕይወቴ ከጥፋት ያተረፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ግን ደንቡ ግልጽ ነው፤ አብሮ አደጌ ራሱ ነው ያስረዳኝ። ሁለት ቅጂ ካልተስማማ ማረጋገጫው ይጠየቃል፤ ማረጋገጫው ትክክል ያለው ይቀራል፤ በሌላው ቦታ እሱ ይተካል። ማረጋገጫዬ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው፣ መልሳቸውን ሰጥተዋል። ደንቡን አክብሬ፣ ዲስኩም ፍላሹም ላይ ሙሉውን በተበላሸው ተካሁት። ፍተሻም አዘዝኩ፤ ዜሮ አለ። የቅጂዎቹን ቁጥር አሰላሁ፤ ገጠመ።

ልጁን ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በልጅነቱ የማውቀው ጎረምሳ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ «ሰምተኸዋል?» አለኝ።

«አማና ነው፣ አልሰማሁም።»

«አውፍ ብሎኛል ይላሉ።»

«ይላሉ» አልኩ።

ሆጤ ቤታቸው ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ጠበቁን። ዱዓ ተደረገ። ከፈትኩት። የሟቹ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ደካማ ነው ግን የሳቸው ነው። «ቢስሚላህ። ልጄ፣ ይሄን ስትሰማ እኔ የለሁም። ትንሽ ሳለህ ሱቅ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ነበር የምትተኛው። ሰው ሲገባ ድምፃችሁን ቀንሱ እላቸው ነበር። ያንን ልጅ እወደው ነበር። አሁን ግን…» ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ዘጋሁት።

ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ቀጥለው!»

«የለም። ተበላሽቷል።»

«ከዚያ ወዲያ አውፍ ብሎሃል» አሉ እናቱ። ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነው። «አጠገቡ ነበርኩ።»

«ከሱ አፍ ነው ልሰማው የመጣሁት!» ብሎ ተነሳ። ወደኔ ዞረ፤ ኮሌታዬን ያዘ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? የአባቴን ቃል አደራ ተሰጥቶህ አስበላኸው? ስንት ዓመት የጠበቅኩትን!» ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ፤ እንደዚያ ሰኞ አፌን አፌን። ሲዋን ላስረዳ እችል ነበር። ሙሉውን አግኝቼው ነበር ልለው እችል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እማማን አየኋቸው። እስትንፋሳቸውን ይዘዋል።

ጉልበቱን ያዝኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ሽማግሌ ባለበት እለምንሃለሁ፤ አውፍ በለኝ።»

እንባውን በክንዱ ጠረገ፤ አየኝ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና አየኝ። ኮሌታዬን ለቀቀው።

«አውፍ ብየሃለሁ» አለ፤ ቃሉ ከጉሮሮው ተናንቆ ነው የወጣው።

እማማ ከተቀመጡበት ተነሱና ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንዲህ ነው ያለህ» አሉት። «አባትህም ልክ በዚህ ድምፅ ነው ያለህ።»